ሰው ለማሽኑ ወይስ ማሽኑ ለሰው?

ከዴንቨርና ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ሲያዩት ፖለቲካ አይመስልም። ስለ ፎርም፣ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ ፊደልና ስለ ፊርማ ነው የምናወራው። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁን ግን ነገሩ በየስብሰባው ከምንጨቃጨቅበት ፖለቲካ የማይተናነስ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

በኦሮራ ከተማ፣ ከሃቫና ጎዳና ብዙም ሳይርቁ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉን። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። የልጅ ልጆቻቸውን አሳድገዋል፤ ሰንበት አያስታጉሉም፤ ሒሳብ በቃላቸው ሲያሰሉ ካልኩሌተር የያዘ ሰው ይቀድማሉ የሚባሉ ናቸው። አንድ ቀን ከሚታከሙበት ቦታ በስልካቸው የአማርኛ መልእክት ደረሳቸው። «ቀጠሮዎ ማክሰኞ በ9 ሰዓት ነው» ይላል። እማማ በቋንቋቸው ስለተጻፈላቸው ደስ አላቸው። ማክሰኞ ዕለት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጃቸው ከእሳቸው አፍ የሰማችውን ይዛ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ ልክ በ9 ሰዓት ከተፍ አሉ። የቀጠሮው ጊዜ ካለፈ ግን 6 ሰዓት ሆኖታል! መልእክቱን የተረጎመው ማሽን 9 ያለው የአሜሪካኑን የጠዋት 9 ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑ ነው። እማማ «ሳይመጡ የቀሩ» ተብለው ተመዘገቡ። ሌላ ቀጠሮ የተሰጣቸው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

እኛን ያንገበገበን የቀጠሮው መቃጠል ብቻ አይደለም። እማማ ወደ ቤት ሲመለሱ የተናገሩት ነው። «ልጆቼ፣ እኔ እኮ ደንቆሮ ነኝ፤ አስቸገርኳችሁ» አሉ። ለመሆኑ ደንቆሮው ማነው? በቋንቋቸው የተጻፈላቸውን አንብበው፣ በተጻፈላቸው ሰዓት የተገኙት እናት ናቸው? ወይስ ቃሉን ተርጉሞ ሰዓቱን መተርጐም ያቃተው መሣሪያ?

ዶናልድ ኖርማን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1988 በእጅ ስለምንነካቸው ዕቃዎች አንድ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። በሩን መግፋት ሲገባው የሚስብ፣ የምድጃውን ቁልፍ አሳስቶ የሚያዞር ሰው ሁልጊዜ ራሱን እንደሚወቅስ አስተዋሉ። የእሳቸው መልስ ቀላል ነው። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት የሚሠራ ከሆነ፣ ስህተቱ ያለው በሰው ላይ ሳይሆን በዕቃው አሠራር ላይ ነው። ዕቃውን የነደፈው ሰው በአእምሮው የያዘው ሥዕል አለ፤ ተጠቃሚው የያዘው ሥዕልም አለ። ሁለቱ ሳይገናኙ ሲቀሩ ጣጣው የሚወድቀው በተጠቃሚው ጫንቃ ላይ ነው። የእማማም ታሪክ ይኸው ነው። በእሳቸው አእምሮ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ብለው ነው ወደ 1 የሚሄዱት። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነች፣ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት በምትወጣባትና በምትገባባት አገር ከዚህ የተሻለ አቆጣጠር የለም። የአሜሪካኑ ደግሞ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስህተቱ የተፈጠረው መሣሪያው ከሁለቱ አንዱ ብቻ እንዳለ አድርጎ በመቆጠሩ ነው።

ማሽን የሰውን አሠራር ሳይጠይቅ ሲገነባ ምን እንደሚከተል ለማየት ከዴንቨር ርቀን መሄድ የለብንም። ከመካከላችን ስንቱ በታክሲ፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በጽዳት፣ በሻንጣ ሥራ እንጀራውን የሚያበስልበት የዴንቨር ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በዓለም የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች መማሪያ የሆነበት ታሪክ አለው። ማረፊያው ይከፈታል የተባለው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1993 ነበር። ሻንጣ ሁሉ ያለ ሰው እጅ፣ በኮምፒውተር በሚታዘዙ ጋሪዎች፣ በሐዲድ ላይ እየከነፈ አውሮፕላኑ ዘንድ ይደርሳል ተባለ። በ1994 ጋዜጠኞች ተጠርተው ሙከራው ሲታይ ሻንጣው ተቀደደ፤ ልብሱ በሐዲዱ ላይ ተበተነ። ማረፊያው የተከፈተው የካቲት 28 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከተባለው ጊዜ 16 ወር ዘግይቶ። መዘግየቱ ከተማዋን በቀን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣ እንደነበር ይነገራል። በመጨረሻም የሻንጣውን ሥራ ያዳነው ምን ነበር? በሰው የሚነዱ ተራ ተጎታች ጋሪዎች! አውቶማቲኩን እስከ መጨረሻው የሙጥኝ ያለው ዩናይትድ አየር መንገድም በ2005 እርግፍ አድርጎ ተወው፤ ለጥገና ብቻ በወር 1 ሚሊዮን ዶላር ይፈጅ ነበርና።

የዚያ ውድቀት ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። ጊዜው አጭር ነበር፤ ሥራውም ከታሰበው በላይ የተወሳሰበ ነበር። ነገር ግን ባለሙያዎች አጥብቀው ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ በሥርዓቱ የሚጠቀሙት አየር መንገዶች በንድፉ ላይ የተጠየቁት ዘግይተው መሆኑ ነው። ሲጠየቁ ደግሞ «ይኸ ለእኛ አሠራር አይሆንም» እያሉ በግንባታ መሐል ለውጥ አስደረጉ። የተከበሩ መሐንዲሶች፣ የተትረፈረፈ ገንዘብና የዘመኑ ኮምፒውተር ተይዞም፣ የሚመለከተው ሰው ካልተጠየቀ ውጤቱ ይኸው ነው። እንግዲህ ትልቁ አየር መንገድ ሳይጠየቅ ቀርቶ ይህን ያህል ከተጎዳ፣ የእኛ እማማማ እንዴት አይጎዱ?

ስለ ስም ደግሞ እናንሳ። በየቢሮው የምንሞላው ፎርም «ፈርስት ኔም»፣ «ላስት ኔም» ይለናል። የእኛ ሰው ላስት ኔም የለውም። የራሱ ስም አለው፣ የአባቱ ስም አለው፣ የአያቱ ስም አለው። ስለዚህ አባት ከበደ ተሰማ፣ ልጅ አበበ ከበደ፣ እናት አልማዝ ወልዴ ሆነው አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ኮምፒውተሩ ሲያያቸው ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። አባት ልጁን ሊቀበል ሲሄድ «ለመሆኑ አንተ ማነህ?» ይባላል። ባንክ ስልክ ስንደውል ደግሞ «የእናትህ ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም ማነው?» ተብለን እንጠየቃለን። ይህ ጥያቄ ምስጢር ጠባቂ ነው የተባለው ሴት ስታገባ ስሟን ትለውጣለች ተብሎ ነው። እናቶቻችን ግን አግብተውም ወልደውም የአባታቸውን ስም አልጣሉም! የእኛ ምስጢር በየደብዳቤያቸው ፖስታ ላይ ተጽፎ ይዞራል ማለት ነው።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ከስደተኛ ካምፕ ያለ ወረቀት የመጡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ጃንዋሪ 1 ተወልደዋል ተብለው ተመዝግበዋል። የሰው ልጅ ሁሉ በአንድ ቀን ተሰልፎ የተወለደ ይመስል! ኮምፒውተሩ «ቀኑን አላውቀውም» የሚል መልስ የሚያስቀምጥበት ክፍት ቦታ ስላልተተወለት ብቻ ሐሰት ተጽፎ እውነት ሆኖ ይኖራል። በ1960 ዓ.ም. የተወለደ ሰውም በፎርሙ ላይ 1960 ብሎ ቢሞላ፣ በወረቀት ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል። ይህ ቀልድ ይመስላል እንጂ ጡረታን፣ ትምህርት ቤትን፣ የቤተሰብ ማምጣት ማመልከቻን የሚያበላሽ ነገር ነው። ሁለት ወረቀቶች ላይ ሁለት የልደት ቀን የተገኘበት ሰው አጭበርባሪ ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል። ያጭበረበረው ግን ሰውየው አይደለም።

እዚህ ላይ «የሰው አገር መጥታችሁ የሰውን አገር ሥርዓት ለውጡ ትላላችሁ? ራሳችሁ ልመዱ እንጂ» የሚሉን አይጠፉም። ከእኛው መካከልም ይህን የሚሉ አሉ። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለምደናል፤ እየለመድንም ነው። ኤ.ኤም.ና ፒ.ኤም.ን ለይተን በፈረቃ የምንሠራ ሰዎች ነን። ሁለተኛ፣ ሰው ለማሽን ይስተካከል የሚለው አስተሳሰብ ወዴት እንደሚወስድ ከገዛ ታሪካችን እናውቀዋለን።

ፊደላችንን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሱ የገጠማቸው ችግር ግልጽ ነበር። መኪናው የተሠራው ጥቂት ደርዘን ቁልፍ ይበቃዋል ለተባለው ለላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 ቤት በ7 ረድፍ፣ ዲቃሎቹን ሳይጨምር 231 ነው። ኢንጂነሩ ፊደሉን በቁርጥራጭ እየቀጣጠሉ መኪናው ላይ አስገቡት። ለዘመኑ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም እግሩና እጁ ከጎኑ የተለጠፈበት ያ ፊደል ምን ይመስል እንደነበር በመኪና የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ያየ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ምን ነበር? «ፊደሉ በዝቷል፣ ይቀነስ፣ ይለወጥ» የሚል ክርክር! በእርግጥ የክርክሩ መነሻ መኪናው ብቻ አልነበረም። ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ማሽኑ አልቻለውም የሚል ነበር። ማሽኑ ስላልቻለ ለብዙ መቶ ዓመታት ብራና ላይ የኖረ ፊደል ይቆረጥ ተባለ ማለት ነው።

ደግነቱ አልተቆረጠም። በ1980ዎቹ ኮምፒውተር ሲመጣ ማሽኑን ለፊደሉ እናስተካክል የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ከቀዳሚዎቹ መካከል አቶ ፍስሐ አጥላው ይጠቀሳሉ፤ በዚሁ በእኛው በኮሎራዶ ሆነው የሠሩት ዶክተር አበራ ሞላም ይጠቀሳሉ። ዶክተር አበራ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ግዕዝ ፊደል አከታተብ የአሜሪካ ፓተንት አግኝተዋል። ማን ቀደመ፣ ማን ምን ፈለሰፈ የሚለውን ክርክር ለባለሙያዎቹ እንተወው። ዳንኤል ያዕቆብና ሌሎችም በ1990ዎቹ በብዙ ድካም ባካሄዱት ሥራ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታውን አገኘ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱ ቁጥር ነበረው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው ሣጥን በሣጥን ሆኖ ይታይ ነበር። በ2000ዎቹ የስደት ድረ ገጾችን ስናነብ የነበርን ሁላችን እናስታውሳለን፤ ጽሑፉን ከማንበባችን በፊት «ይህን ፊደል በመጀመሪያ ጫኑ» እንባል ነበር። አልጫን ካለ ደግሞ በፒ.ዲ.ኤፍ. ወይም በሥዕል ተለጥፎ እናነበው ነበር። ዛሬ አያት ከደብረ ማርቆስ፣ የልጅ ልጅ ከኦሮራ በእጅ ስልክ በፊደላችን ይጻጻፋሉ። ይህ የሆነው ሕዝቡ ለማሽኑ ስለተስተካከለ አይደለም። ጥቂት ሰዎች «አይሆንም፣ ማሽኑ ይስተካከል» ብለው ስለተነሡ ነው።

ወደ ምርጫ እንምጣ፤ ፖለቲካ ነው ብለን የለም? እ.ኤ.አ. በ2000 በፍሎሪዳ የፓልም ቢች ወረዳ የምርጫ ወረቀት በሁለት ገጽ ተከፍሎ፣ መብሻው ቀዳዳ መሐል ላይ ሆኖ ተሠራ። ያዘጋጀችው ባለሥልጣን ተንኮል አልነበራትም፤ አረጋውያን እንዲያነቡት ፊደሉን ለማተለቅ ብላ ነው። ውጤቱ ግን ብዙ ሺህ ሰው አል ጎርን የመረጠ እየመሰለው ፓት ቡካናንን በሳ፤ ወይም ሁለት ቦታ በስቶ ድምፁ ተሠረዘ። ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳን ያሸነፉት በ537 ድምፅ ነበር። የአንድ ወረቀት አሠራር የዓለምን ታሪክ ሊለውጥ ይችላል ስንል ማጋነን አይደለም።

በአንጻሩ ምርጫ 97ን አስታውሱ። ማንበብ የማይችለው ገበሬ ማንን እንደሚመርጥ ያውቅ ነበር። የኢህአዴግ ንብ አለች፤ የቅንጅት ሁለት ጣት አለ። ሁለት ጣቱን ያወጣ ሕፃን የፖለቲካ ንግግር አድርጓል ማለት ነበር። ምልክቱ ከሕዝቡ አስተሳሰብ ጋር ተገጣጥሞ ስለነበር ወረቀቱ ማንንም አላደናገረም። ችግሩ የመጣው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ድምፁ ከተሰጠ በኋላ። ከዚያ ግርግር በኋላ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል መዘጋቱን ማን ይረሳል? ለምን ተዘጋ? ከሰው አስተሳሰብ ጋር በጣም ስለተስማማ! አጭር ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከአንዱ ወደ ሺህ ይደርሳል።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ለሰው የሚመች መሣሪያና የሰው የሆነ መሣሪያ አንድ አይደሉም። ቴሌብር በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በአገር ውስጥ ቋንቋዎች መቅረቡ መልካም ነው፤ ለእናቶቻችን የተሻለ አሠራር ነው። ነገር ግን ከኅዳር 2020 ጀምሮ ትግራይ፣ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥባቸው መሣሪያው የቱንም ያህል ቢመች ምን ፈየደ? ማብሪያና ማጥፊያው በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ካልተመለሰ ምቾቱ የተዋሰነው ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን ሁለት መሆን አለበት፤ «ይስማማኛል ወይ?» እና «የማን ነው?»።

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ ኮሎራዶ እንመለስ። ከ2013 ሕግ ወዲህ በዚህ ግዛት ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ ቤቱ ድረስ ይላክለታል። ሠርቶ አዳሪ ለሆነው ወገናችን ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ሁለት ቦታ ላይ የእኛን ሰው ያደናቅፈዋል። አንደኛው ፊርማ ነው። በፖስታው ጀርባ የፈረምነው በመዝገብ ካለው ፊርማችን ጋር ይመሳከራል። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ በእንግሊዝኛ ፈርመን፣ ዜግነት ስናገኝ በአማርኛ መፈረም የጀመርን ስንቶቻችን ነን? ሁለቱ ካልተገናኙ ደብዳቤ ይላክልናል፤ ከምርጫው ቀን በኋላ ባሉት 8 ቀናት ካላስተካከልን ድምፃችን አይቆጠርም። ደብዳቤውን ማስታወቂያ መስሎት የሚጥል ወገን መረጠ ብሎ ይኖራል፤ ድምፁ ግን ሣጥን ውስጥ የለም። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ወረቀቱ መድረስ ያለበት በምርጫው ቀን እስከ 7፡00 ፒ.ኤም. ነው፤ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት። «እስከ 7 ሰዓት» ብሎ በአማርኛ የሚለጥፍ ሰው አንዱን በቀትር አጣድፎ፣ ሌላውን ግራ አጋብቶ ይለያያል። በኦሮራ የከተማ ምክር ቤት ወንበር በጥቂት ድምፅ ሊወሰን ይችላል። ለአገር ቤት ምርጫ የተሰለፍን፣ በየኤምባሲው ደጃፍ በብርድ የቆምን ሰዎች እዚህ በእጃችን ያለው ድምፅ በፊርማ ጣጣ ሲወድቅ ዝም ማለት አለብን?

ከተማችን መጥፎ ምሳሌ ብቻ አይደለችም። ታክሲ የነዳ ሰው ይመስክር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዴንቨር ጎዳናዎች ስም ተደበላልቆ፣ አንድ ስም በተለያየ ቦታ እየተደጋገመ ሰው ይጠፋ ነበር። ሃዋርድ ማሎኒ የተባለ ሰው ተነሥቶ ሥርዓት እንዲይዝ ታገለ። ብሮድዌይ ምሥራቅና ምዕራብን፣ ኤልስወርዝ ሰሜንና ደቡብን ይለያል፤ ቁጥሩ ከዚያ ይጀምራል። ኮልፋክስ 15ኛ መሆኑን ያወቀ ሰው 17ኛን መጠየቅ አያስፈልገውም። ከኮሎራዶ ቡለቫርድ በስተምሥራቅ ደግሞ የጎዳናው ስሞች በአልፋቤት ተራ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ፤ አልፋቤቱ ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። ኦሮራ ስንገባም ሃቫና በኤች፣ ፒዮሪያ በፒ ነው፤ መሐላቸው ያሉት በተራቸው ይቆማሉ። ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ሀ ሁ እንደሚቆጥር ሕፃን ፊደሉን ተከትሎ ቤቱን ያገኛል። አዲስ አበባ ላይ «ከመገናኛ ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» እያለ ያደገ ሰው ይህን ከተማ በአንድ ወር ያጠናው ለዚህ ነው። ከተማው ሰው እንዲያስታውሰው ሆኖ ተሠርቷልና። የታክሲ ሾፌሮቻችንም ከዚህ አልፈው ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ዩኒየን ታክሲ ሾፌሮቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት ማኅበር ነው፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ናቸው። ሥራውን የሚያውቀው ሰው ሥርዓቱንም ሲያወጣ ምን እንደሚመስል አሳይተውናል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይህ ነው።

ሌላውን ስንወቅስ ራሳችንን እንዳንረሳ። በማኅበሮቻችን፣ በፓርቲ ድጋፍ ሰጪዎቻችን፣ በየእድሩ ያለው አሠራር ከዚያ ቢሮ የተሻለ ነው? የእድር መመዝገቢያችን በእንግሊዝኛ ሆኖ «ላስት ኔም» ይጠይቃል። የስብሰባ ጥሪያችን በሥዕል ተሠርቶ በቴሌግራም ይለጠፋል፤ ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን ማተለቅ አይችሉም፤ ስልካቸውም አያነብላቸውም። ሰዓቱን «ቅዳሜ 8 ሰዓት» ብለን እንጽፍና የኢትዮጵያ ይሁን የአሜሪካ ሳንነግራቸው ሰው ቀረ ብለን እናማርራለን። ኢንተርኔት ላይ ድምፅ አሰጥተን «ሕዝቡ ወስኗል» የምንልባቸው ጊዜያትም አሉ፤ መስጠት የቻሉት ግን ስልክ የለመዱት ወጣቶች ብቻ ናቸው። ያልተጠየቀ ሰው አልተስማማም፤ አልተቃወመምም፤ የለም ተብሎ ብቻ ተቆጥሯል። ይህንን በሌላው ላይ ስናየው አምባገነንነት እንለዋለን። በራሳችን ላይ ሲሆን «አሠራር» ይባላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልልቅ ጉባኤ አያስፈልግም። ጥቂት ነገር እናቅርብ።

አንደኛ፣ ሰዓት ስንጽፍ ሁለቱንም እንጻፍ፤ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በአሜሪካ 9፡00 ኤ.ኤም.»። ከተቋማትም ይህንኑ እንጠይቅ። አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጨምረው።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን የምርጫ ፊርማችንን እንወቅ። በመንጃ ፈቃዱ ላይ በየትኛው ፊደል እንደፈረምን አይተን በዚያው እንፈርም፤ ወይም መዝገባችንን እናድስ። ወላጆቻችንንም እናሳስብ። ደብዳቤ የደረሳቸው ካሉ ቀኑ ሳያልፍ እንርዳቸው።

ሦስተኛ፣ መብታችንን እንወቅ። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ አንቀጽ ስድስት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገልል ይከለክላል። በቋንቋ ምክንያት ማገልገልን መንፈግም ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 በሳንፍራንሲስኮ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ጉዳይ አሳይቷል። በ2000 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ትእዛዝ በመጋቢት 2025 በፕሬዚዳንቱ ተሽሯል፤ ምክር ቤት ያወጣው የ1964ቱ ሕግ ግን በፕሬዚዳንት ትእዛዝ አይሻርም። በጤናው በኩልም በ2024 የወጣው ደንብ በማሽን የተተረጎመ ወሳኝ ጽሑፍ ብቃት ባለው ሰው እንዲታይ ይጠይቃል። የእማማን መልእክት አንድ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቢያየው ኖሮ ሁለት ወር ባልጠበቁ ነበር።

አራተኛና ዋናው፣ ከመሠራቱ በፊት እንጠየቅ። በዴንቨርና በኦሮራ የትምህርት ቤትም የከተማም ቢሮዎች አማርኛ ተናጋሪዎች መኖራቸውን ያውቃሉ፤ ብዙ ጽሑፍም ይተረጉማሉ። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ከማጉረምረም ይልቅ፣ ከመውጣቱ በፊት አምስት አረጋውያን ቡና ተፈልቶላቸው አንብበው የት ላይ እንደቆሙ ይንገሩ። አምስት ሰው ትንሽ ቢመስልም ትልልቆቹን እንቅፋቶች ለማየት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በኮምፒውተር ሙያ የተሰማሩ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ከኩባንያቸው ሰዓት በወር አንድ ቅዳሜ ቢቆርሱልን፣ ጎናቸው ቁጭ ብለው «እማማ፣ እዚህ ጋ ምን አሰቡ?» ብለው ቢጠይቁ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። ጥያቄው «ገባዎት ወይ?» እንዳይሆን አደራ። እናቶቻችን «አዎ፣ ገባኝ» ማለት ያውቁበታል፤ ልጅን ማሳፈር አይወዱምና።

ለማጠቃለል፣ ይህ ጉዳይ ከአገራችን ጥያቄ የተለየ አይደለም። ሕዝብን ሳይጠይቁ ለሕዝብ የተሠራ ነገር ፎርምም ይሁን ሕገ መንግሥት መጨረሻው አንድ ነው። ሲበላሽ ጥፋቱ «ሕዝቡ ስላልገባው» ነው ይባላል። እኛ ግን ይህን ቃል እስኪሰለቸን ሰምተነዋል። ሕዝቡ ይገባዋል። ያልገባቸው ያልጠየቁት ናቸው።

እማማ ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ልጃቸው ስልኩን ይዛ «በ2 ሰዓት ይላል፤ የየትኛው አገር 2 ሰዓት ነው?» ብላ ደውላ ጠየቀች። መልስ የሰጠችው ሴት ለጊዜው ዝም ካለች በኋላ «ይህን ጠይቆን የሚያውቅ ሰው የለም» አለች። እንግዲህ እንጠይቃቸው።

ቸር ይግጠመን።